አዲስ የከብት ሐኪም ከትምህርት ቤት ከወጣ በኋላ ሥራውን እንዴት እንደሚለምድ

የከብት ሐኪም ከትምህርት ቤት ወጥቶ የምስክር ወረቀቱን በተቀበለ ቀን ሐኪም ይባላል እንጂ ሐኪምነቱ ገና አልተፈጸመም። ይህን ያወቀ ሹም ወጣቱን በመልካም ይመራዋል፤ ያላወቀ ግን በአንድ ወገን ከአቅሙ በላይ ያሸክመዋል፥ በሌላው ወገን በመጀመሪያው ስሕተት ይንቀዋል። በአገራችን የከብት ሕክምና ከፍተኛ ትምህርት የተጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979፥ ያን ጊዜ ደብረ ዘይት ትባል በነበረችው በቢሾፍቱ ነው። ከዚያም ወዲህ በጎንደር፥ በመቀሌ፥ በጅማና በሌላም ስፍራ ተከፍቶ ብዙ ወጣቶች ይወጣሉ። እንግዲህ ሊታሰብበት የሚገባው የሐኪሞች ቁጥር ብቻ ሳይሆን፥ የወጣው ሐኪም የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ከማን ጋር ያሳልፋል የሚለው ነው።

ለምሳሌ ኮልፌን እንመልከት። ኮልፌ በአዲስ አበባ ምዕራብ፥ ከመርካቶ ብዙ ሳይርቅ የሚገኝ ሰፈር ነው። በእንዲህ ያለ ሰፈር በጠባብ ግቢ የውጭ ዘር ያለባቸው የወተት ላሞች ይታሰራሉ። ሣር ያጠራት ላም ከቆሻሻ ክምር ፌስታልና ሽቦ ትውጣለች፤ መጽሐፍ ይህን በጥቂት መስመር ያልፈዋል፥ የከተማ ሐኪም ግን ዘወትር ያገኘዋል።

አዲሱ ሐኪም ወደ እንዲህ ያለ ግቢ በሌሊት ተጠርቶ ገባ እንበል። ትናንት የወለደች፥ ብዙ ወተት የምትሰጥ ላም አንገቷን ወደ ጎኗ አጥፋ ተኝታለች። ባለቤቲቱም «የኔ ልጅ፥ የልጆቼ ጉሮሮ እርስዋ ናት፤ ቶሎ ውጋልኝ» ትለዋለች። ወጣቱ ፈርቷል፤ ቆሞ ማሰብም አላዋቂነት መስሎ ይታየዋል። ስለዚህ ከሻንጣው ያገኘውን የጀርም መድኃኒት ወግቶ ይሄዳል፤ ላሚቱም ሳይነጋ ትሞታለች። አብሮት አንድ የቆየ የከብት ጤና ረዳት ቢኖር ኖሮ፥ ከመርፌው በፊት «ጆሮዋን ዳስስ» ይለው ነበር። ጆሮዋ ቀዝቃዛ ነው። በሽታው የወተት ትኩሳት የሚባለው ነው፤ ስሙ ትኩሳት ይበል እንጂ ትኩሳት የለበትም፥ ጀማሪንም የሚያስተው ይኸው ስሙ ነው። ምክንያቱ በደሟ ያለው ካልሲየም በድንገት ወደ ወተቱ መሄዱ ነው። መድኃኒቱም የካልሲየም ውሃ ሲሆን፥ በገላ ሙቀት ልክ ሞቆ በአንገት ደም ሥር ይሰጣል፤ ከ10 ደቂቃ ባላነሰ ጊዜ፥ ቀስ እየተባለ፥ ልቧም እየተደመጠ። ቢያፈጥኑት ልብን ያቆማል። በደንብ ከተሰጠ ግን ላሚቱ ታገሳለች፥ ትንቀጠቀጣለች፥ ብዙ ጊዜም በዚያው ሰዓት ተነሥታ ትቆማለች።

ይህ ሁሉ በትምህርት ቤት ተነግሮታል፤ ፈተናም ተፈትኖበታል። የጐደለው እጁ አለመልመዱና አጠገቡ ሰው አለመኖሩ ነው። በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2021 ወዲህ፥ አዲስ ተመራቂ ሥራ ሲጀምር ለዚሁ የሠለጠነ የቆየ ሐኪም አማካሪ ሆኖ ይከተለዋል። ለእኛ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልግም፤ ወጣቱን ብቻውን ወደ ሩቅ ጣቢያ ከመስደድ አስቀድሞ ከአንድ አዋቂ ጋር ማዋል ይበቃል። የቆየው ረዳት በማዕርግ ቢያንሰውም፥ ወጣቱ ከእርሱ መጠየቅን እንዳያፍር ሹሙ ያደፋፍረው።

ወጣቱም በበኩሉ ማናቸውንም ከብት ከራስ እስከ ጅራት ሳይመረምር መርፌ አያንሣ። ያየውን፥ የገመተውንና የሰጠውን በደብተር ይጻፍ፤ በማግስቱም ተመልሶ ይይ። ያልገባውን ናሙና ወደ ሰበታ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ይላክ፤ ከኮልፌ ሲነሡ በጅማ መንገድ ሩቅ አይደለም። በ1880 ዓመተ ምሕረት ገደማ ገብቶ የአገሩን ከብት የፈጀው፥ ክፉ ቀንንም ያመጣው የከብት ደስታ ከዓለም መጥፋቱ በ2003 ዓመተ ምሕረት ስለ ተነገረ፥ የዛሬ ወጣት በዓይኑ አላየውም። ስለዚህ እንግዳ በሽታ ሲያይ ከመገመት ይልቅ ማስመርመር ይሻለዋል። ብዙ ሹማምንት በወሩ መጨረሻ ስንት ከብት እንደ ተወጋ ይጠይቃሉ፤ ይህ ቁጥር ግን የሚያሳየው ያለቀውን መድኃኒት እንጂ የዳነውን ከብት አይደለም። ደብተሩን አስመጥቶ ማንበብ ይበልጣል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን እምቢ ማለትን መልመድ ነው። በበዓል ዋዜማ ለቅርጫ የተገዛ በሬ በድንገት ይታመማል፤ ሰዎቹም ሳይሞት ብለው ያርዱታል። ደሙ ጠቁሮ አልረጋም፥ ጣፊያውም እጅግ አብጧል፤ ይህ የአባ ሰንጋ ምልክት ነው። ሳይታረድ በድንገት የሞተ ቢሆን ኖሮ ሬሳውን ሳይከፍቱ ከጆሮው ጥቂት ደም ወስዶ መመርመር በተገባ ነበር፤ አሁን ግን ተከፍቷል። ገንዘብ ያዋጡት ሁሉ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ምናልባትም ከእነርሱ መካከል ሹሙ ራሱ አለበት። ወጣቱ በዚህ ሁሉ ፊት ሥጋው እንዳይበላ፥ ቆዳውም እንዳይሸጥ፥ እንዲቃጠል ወይም በጥልቅ እንዲቀበር፥ የነኩትም ሰዎች ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ መናገር አለበት። የበሽታው ዘር በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስለሚኖር ስፍራው ታጥሮ ከብት እንዳይግጥበት ይሁን። ሹሙ በዚያ ሰዓት ከወጣቱ አጠገብ ቆሞ ትእዛዙን በራሱ አፍ ይናገር፤ ገንዘባቸውን ያጡ ሰዎች ቅር ቢላቸው በሹሙ ይሁን እንጂ በልጁ አይሁን።