በጀማና በወንጪት ወንዞች በመንጠቆ ዓሣ ለማስገር የክር አመራረጥና አጠቃቀም

ለአርሶ አደሮች ሥልጠና የተዘጋጀ አጭር ጽሑፍ

የትምህርቱ ዓላማ

ሠልጣኞች ይህን ትምህርት ሲያጠናቅቁ፡-
• የናይለንና የፍሎሮካርቦን ክርን ልዩነት ይለያሉ፤
• ለወቅቱ፣ ለውሃውና ለዓሣው ዓይነት የሚስማማ ክር ይመርጣሉ፤
• ክርን በትክክል መቋጠር፣ መፈተሽና ማስቀመጥ ይችላሉ፤
• የተበጠሰ ክር በሰው፣ በከብትና በወንዙ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ይከላከላሉ።

1. መግቢያ

የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ሕዝብ ኑሮው በእርሻና በከብት እርባታ ላይ የተመሠረተ ነው። ዓሣ በደጋው ላይ ብዙም አይታወቅም። ይሁን እንጂ ከደጋው የሚነሡት ወንዞች ቁልቁል ወደ ቆላው ወርደው ወንጪትን ጨምሮ ውሃቸውን ለጀማ፣ ጀማም ለዓባይ ይሰጣሉ። በእነዚህ ሸለቆዎች ውስጥ ነጭ ዓሣና አምባዛ ይገኛሉ። በወንዞቹ አቅራቢያ ለሚኖር አርሶ አደር በበጋ ወራት ከመንጠቆ የሚገኝ ዓሣ ለቤተሰቡ ምግብ፣ ሲተርፍም የገበያ ገቢ ይሆናል። በተለይ የሁዳዴ ጾም ሲገባ በከተሞች የዓሣ ፈላጊ ይጨምራል።

በመንጠቆ የሚያስግር ሰው ዋነኛ ችግር የክር መበጠስ ነው። ክር ሲበጠስ ዓሣው ብቻ ሳይሆን መንጠቆውም ይጠፋል፤ ከውሃ ውስጥ የቀረው ክርም ሌላ ጉዳት ያስከትላል። መንጠቆ አልሠራ ሲለው ወደ ብርብራ ዱቄት የሚሄድ ሰው አለ። ብርብራ ግን ትልቁንም ትንሹንም ዓሣ፣ ለሚቀጥሉት ዓመታት የሚሆነውን ጫጩትና ዓሣው የሚመገባቸውን ነፍሳት ጭምር ይፈጃል። በመርዝና በፈንጂ ማስገርም በሕግ የተከለከለ ነው፤ ለዚህም የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል። ስለዚህ ክርን በአግባቡ መምረጥና መቋጠር ገንዘብንም ወንዝንም ማዳን ነው።

2. የክር ዓይነቶችና ጠባያቸው

ሀ) የናይለን ክር። በገበያ በብዛት የሚገኘውና ዋጋው ዝቅተኛ የሆነው ነው። ለስላሳ ስለሆነ ለመቋጠር ይቀላል። ሲጎተት ይለጠጣል፤ ይህም ዓሣው በድንገት ሲስብ ክሩ ቶሎ እንዳይበጠስ ይረዳል። ጉድለቱ ውሃ መምጠጡ ነው፤ ሲርስ ጥንካሬው በመጠኑ ይቀንሳል። ለረጅም ጊዜ ፀሐይ ላይ ከዋለም ይደርቅና ይሰባበራል።

ለ) የፍሎሮካርቦን ክር። ይህ ክር ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራው በጃፓን አገር በኩሬሃ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ከናይለን የሚለይባቸው ነጥቦች፡-
• ውሃ ውስጥ ብዙ አይታይም። ብርሃን በውሃ ውስጥ የሚታጠፍበት መጠን 1.33 ነው፤ የፍሎሮካርቦን 1.42 አካባቢ ሲሆን የናይለን ከ1.5 በላይ ነው። የፍሎሮካርቦን መጠን ለውሃ ስለሚቀርብ የክሩ ነጸብራቅ ይቀንሳል። ይህ ማለት ግን ክሩ ፈጽሞ አይታይም ማለት አይደለም።
• ቶሎ ይሰጥማል። አንድ ሊትር መጠን ያለው ፍሎሮካርቦን 1.78 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን ናይለን 1.14 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ይመዝናል።
• ውሃ ስለማይመጥ በውሃ ውስጥ ቢቆይም ጥንካሬው አይቀንስም። የፀሐይ ብርሃንንም ይቋቋማል።
• ገጹ ጠንካራ ስለሆነ የድንጋይ ፍተጋን ከናይለን በተሻለ ይችላል።
• በአንጻሩ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ደረቅ ስለሆነ እንደተጠቀለለ ይጠማዘዛል፤ ቋጠሮው ካልተስተካከለም ይበጠሳል።

ማሳሰቢያ፡- አንዳንድ ክር ላዩ ብቻ ፍሎሮካርቦን የተቀባ፣ ውስጡ ግን ናይለን ነው። ሙሉ ፍሎሮካርቦን የሆነው በማሸጊያው ላይ 100% የሚል ምልክት ይኖረዋል። በብዙ ማሸጊያዎች ላይ የሚታየው ባስ የተባለ ዓሣ በአሜሪካና በጃፓን በዘንግና በመጠቅለያ የሚጠመድ ነው፤ በእኛ ወንዞች የለም። ስለዚህ ሥዕሉን ሳይሆን በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ውፍረት በሚሊ ሜትር፣ ጥንካሬውንም በኪሎ ግራም አይተው ይግዙ። ጥንካሬው በፓውንድ ከተጻፈ 1 ፓውንድ 0.45 ኪሎ ግራም ነው።

3. የትኛውን ክር፣ መቼ?

በክረምት ከሐምሌ እስከ መስከረም ወንዞቹ ከደጋው አፈር ይዘው ስለሚወርዱ ውሃው ይደፈርሳል። በደፈረሰ ውሃ የማይታይ ክር መግዛት ከንቱ ወጪ ነው። ከዚህም በላይ ነጭ ዓሣ በዝናቡ ወቅት እንቁላሉን ለመጣል ወደ ገባር ወንዞች ጠጠራማ ቦታ ስለሚወጣ በዚያ ጊዜ በወንዝ መገናኛዎች ላይ ከማስገር መቆጠብ ይገባል።

ከኅዳር ጀምሮ ውሃው እየጠራና እየቀነሰ ሲሄድ ዓሣው በጥልቅ የወንዝ ኩሬዎች ይሰበሰባል። ፍሎሮካርቦን የሚጠቅመው በዚህ ወቅት ነው። በበልግ ዝናብ ውሃው እንደገና ከደፈረሰ ግን እስኪጠራ ድረስ ናይለን ይበቃል።

የዓሣው ዓይነትም ምርጫውን ይወስናል። ነጭ ዓሣ በጠራ ውሃ ውስጥ በዓይኑ አይቶ የሚጠነቀቅ ስለሆነ ቀጭንና ብዙ የማይታይ ክር ይፈልጋል። አምባዛ ግን ምግቡን የሚያገኘው በይበልጥ በሽታና በአፉ ዙሪያ ባሉት ረጃጅም ጭራ መሰል አካላት ነው። ብዙውን ጊዜ በሌሊት ይመገባል፤ በአፉ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ጥርሶችም ቀጭን ክርን ፈትገው ይበጥሳሉ። ለአምባዛ የሚያስፈልገው ወፍራም ናይለን ነው።

ለአካባቢያችን የእጅ ክር የሚመከረው ውፍረት፡-
• ዋና ክር (ለሁለቱም ዓሣ)፡- ናይለን፣ ከ0.40 እስከ 0.50 ሚሊ ሜትር። ከዚህ የቀጠነ ክር እጅ ይቆርጣል።
• ለነጭ ዓሣ የጫፍ ክር፡- ፍሎሮካርቦን፣ ከ0.25 እስከ 0.30 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 1 ሜትር።
• ለአምባዛ የጫፍ ክር፡- ናይለን፣ ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ ግማሽ ሜትር።

የጫፍ ክር ምንጊዜም ከዋናው ክር የቀጠነ መሆን አለበት። መንጠቆው ድንጋይ ወይም ሥር ቢይዝ የሚበጠሰው ጫፉ ብቻ ይሆናል፤ ዋናው ክርና ማስጠሚያው ይተርፋሉ፤ ወንዙ ውስጥ የሚቀረውም ክር አጭር ይሆናል።

ሙሉውን ክር ፍሎሮካርቦን ማድረግ አያስፈልግም። አንድ ባለ 50 ሜትር ጥቅል ለአንድ ሰው ዋና ክር ቢሆን አንድ ጊዜ ብቻ ያገለግላል፤ በአንድ አንድ ሜትር ተቆርጦ ለጫፍ ቢውል ግን 50 ጫፍ ይወጣዋል። ስለዚህ አምስት አርሶ አደሮች አዋጥተው አንድ ጥቅል ቢገዙ ለእያንዳንዳቸው 10 ጫፍ ይደርሳል።

4. አቋጣጠር

በብዛት ክር የሚበጠሰው መሐሉ ላይ ሳይሆን ቋጠሮው ላይ ነው። ፍሎሮካርቦን በደረቁ ሲጠብቅ በፍተጋ ይሞቅና ይዳከማል። ስለዚህ ማንኛውንም ቋጠሮ ከማጥበቅ በፊት በውሃ ወይም በምራቅ ያርጥቡት።

ሀ) ክርን ከመንጠቆ ጋር ማሰር
1. የክሩን ጫፍ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አጥፈው ድርብ ያድርጉት።
2. ድርቡን ክር በመንጠቆው ቀዳዳ ያሳልፉ።
3. በድርቡ ክር አንድ ተራ ቋጠሮ ይቋጥሩ፤ ገና አያጥብቁት።
4. መንጠቆውን በድርቡ ጫፍ ቀለበት ውስጥ ያሳልፉት።
5. አርጥበው ቀስ ብለው ይሳቡ። ሲጠብቅ ትርፉን 3 ሚሊ ሜትር አስቀርተው ይቁረጡ።

ለ) ዋናውን ክር ከጫፍ ክር ጋር ማጋጠም
1. ሁለቱን ክሮች 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ጎን ለጎን ያደራርቡ።
2. ሁለቱን እንደ አንድ ክር ይዘው ሰፋ ያለ ቀለበት ይሥሩ።
3. የጫፍ ክሩን ሙሉ ርዝመትና የዋናውን ክር አጭር ጫፍ አንድ ላይ ሦስት ጊዜ በቀለበቱ ውስጥ ያሳልፉ።
4. አርጥበው አራቱንም ጫፎች እኩል ይሳቡ።

ማስጠሚያው ከመጋጠሚያው በላይ በዋናው ክር ላይ ይታሰራል።

5. ፍተሻና አያያዝ

• ከእያንዳንዱ ዓሣ በኋላ የጫፍ ክሩን በሁለት ጣት መሐል ቀስ አድርገው ያሳልፉ። ሻካራ ወይም የተላጠ ቦታ ካለ እዚያ ድረስ ቆርጠው እንደገና ይቋጥሩ።
• ዋናውን ክር በእንጨት ወይም በባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ ይጠቅልሉ፤ ጥላ ባለበት ደረቅ ቦታ ያስቀምጡ።
• የናይለን ጫፍ በእሳት ማቅለጥ የተለመደ ነው። ፍሎሮካርቦን ሲቃጠል ግን መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ በእሳት ማስነካት ፈጽሞ አይገባም። ከጥቅም ውጪ የሆነ ክርም አይቃጠልም።

6. የደኅንነት ጥንቃቄ

ሀ) ክርን በእጅ አንጓ ወይም በጣት ላይ አይጠምጥሙ። ትልቅ አምባዛ በድንገት ሲስብ ሥጋ ይቆርጣል፤ ሰውንም ሚዛኑን አስቶ ወደ ጥልቅ ውሃ ሊጥል ይችላል።

ለ) ደራሽ ውሃን ይጠንቀቁ። ቆላው ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ መሐል ሜዳ ወይም ሞላሌ ላይ የጣለ ዝናብ በሸለቆው ድንገት ሊደርስ ይችላል። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ገለባና ቅጠል መውረድ ከጀመረ ወይም ከላይ የሚያጉረመርም ድምፅ ከተሰማ ክሩንም ዓሣውንም ትቶ ወዲያውኑ ወደ ከፍታ መውጣት ያስፈልጋል። ክር ይተካል፤ ሰው አይተካም። ልጆችን ብቻቸውን ወደ ወንዝ አይላኩ።

ሐ) ቁራጭ ክር አይጣሉ። ሁለቱም የክር ዓይነቶች ለብዙ ዓመታት አይበሰብሱም። ከብት ከሣር ጋር ሊውጠው፣ የወፍ እግር ሊያስር፣ ውሃ ውስጥ ከቀረም ዓሣ ይዞ በከንቱ ሊገድል ይችላል። ቁራጩን በኪስ ይዘው ይመለሱ፤ ከጣት ባጠረ መጠን ከቆራረጡ በኋላ ከወንዝና ከግጦሽ በራቀ ጥልቅ ጉድጓድ ይቅበሩት።

7. የተግባር ልምምድ

የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሠልጣኞችን በአምስት በአምስት ይከፋፍል። ለእያንዳንዱ ቡድን 0.25 ሚሊ ሜትር ፍሎሮካርቦን፣ ጫፉ የተሰበረ መንጠቆና ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ይስጥ።
1. አንዱን ክር በደረቁ፣ ሌላውን አርጥበው በመንጠቆው ላይ ይቋጥሩ።
2. መንጠቆውን በጀሪካኑ እጀታ አስገብተው ክሩን በአግዳሚ እንጨት ላይ ይሰሩ። ጀሪካኑ ከመሬት ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ አይራቅ።
3. ውሃ በአንድ አንድ ሊትር ይጨምሩ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ግራም ነው። ፊትን አርቆ መቆም ያስፈልጋል።
4. እያንዳንዱ ክር በስንት ሊትር እንደተበጠሰና የተበጠሰው ቋጠሮው ላይ ወይም መሐሉ ላይ መሆኑን ይመዝግቡ።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. በቀበሌያችን ወንዙ የሚጠራው ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር ነው?
2. ለአምባዛ ፍሎሮካርቦን መግዛት ለምን አያስፈልግም?
3. ብርብራ የሚጠቀም ጎረቤት ቢኖር ምን ብለን እንመክረዋለን?

8. ማጠቃለያ

ጥሩ ክር ማለት ውድ ክር ማለት አይደለም። ለዋናው ወፍራም ናይለን፣ ለጠራ ውሃና ለነጭ ዓሣ አንድ ሜትር ፍሎሮካርቦን፣ ለአምባዛ ጠንካራ የናይለን ጫፍ ይበቃል። ቋጠሮን ማርጠብና ክርን በየጊዜው መፈተሽ ምንም ወጪ የለውም። ለሽያጭ ለማስገር ያሰበ አርሶ አደር ሥራ ከመጀመሩ በፊት ስለ ፈቃዱ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ።