«ኢምፕላከብል» የሚባለውን የእንግሊዝኛ ቅጽል በቦታው ማዋል

እንግሊዝኛ ለጠላትነት የሚሆኑ ቅጽሎች ሞልተውታል። ከእነዚህ ውስጥ ወደ አማርኛ ሲመለስ ብዙ የሚጎዳው «ኢምፕላከብል» ይመስለኛል። ተርጓሚው «ጽኑ» ወይም «ጨካኝ» ብሎ ያልፈዋል። ቃሉ ግን የጥላቻን መጠን ከመናገር ይልቅ እርቅ ሲቀርብለት ጥላቻው ምን እንደሚሆን ይናገራል። ይህን የያዘ ሰው ሌላው ሁሉ ይቀለዋል።

መጀመሪያ አነባበቡን ያስተካክሉ። ከ«ኢም» ቀጥሎ ያሉት አራት ፊደሎች «ፕሌስ» የሚለው ቃል የሚጀምርባቸው ስለሆኑ «ኢምፕሌሰብል» ብሎ ማንበብ ይቀናል። «ሲ» የምትባለው ፊደል ግን እዚህ ከ«ኤ» በፊት ስለመጣች እንደ «ክ» ትነበባለች፤ ጫናውም «ፕላ» ላይ ያርፋል። «እንከን የለሽ» ማለት ከሆነው ከ«ኢምፔከብል» ጋር እንዳይምታታብዎም ይጠንቀቁ።

ቀጥሎ ቃሉን ይፍቱት። ሥሩ ላቲን ነው፤ «ፕላካሬ» ማብረድ፣ ማባበል ማለት ነው። የፊቱ «ኢም» አፍራሽ ነው፤ የኋላው «ኤብል» መቻልን ያመለክታል። ሲገጣጠም «ሊያበርዱት የማይቻል» ይሆናል። የተቆጣን ሰው ማባበል የሚል ትርጉም ያለው «ፕላኬት» የተባለው ግስም የዚሁ ሥር ልጅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንምጣ። ቃሉን ከመጻፍዎ በፊት በሐሳብዎ ሽማግሌ ይላኩ። በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ቢመጣ፣ ሽማግሌዎቹ እግሩ ላይ ቢወድቁ፣ ካሳ ቢቆረጥለት ተበዳዩ ይመለሳል? ይመለሳል ካሉ፣ ቁጣው የቱንም ያህል ቢነድ ቃሉ አይገባውም፤ ለእሱ «ፊዩሪየስ» ይበቃዋል። በአንጻሩ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ሽማግሌዎቹን ቡና አስፈልቶ የሚያስተናግድ፣ እስከ በር በትሕትና የሚሸኝ፣ ግን ደጋግመው ቢመጡም መልሱ ያው «አይሆንም» የሆነ ሰው አለ። ኢምፕላከብል እሱ ነው። ቁጣ ይበርዳል፤ ይህ ግን የተቆረጠ ውሳኔ ነው።

ከታሪክ የካርቴጁን የጦር መሪ ሃኒባልን ይውሰዱ። ፖሊቢየስና ሊቪ እንደሚተርኩት፣ ገና በ9 ዓመቱ ገደማ አባቱ ሃሚልካር መሠዊያ ፊት አቁሞ በሮም ላይ አስማለው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ202 ዛማ ላይ በሮማውያን ተሸነፈ፤ አገሩ ሰላም ተዋዋለች። እሱ ግን በኋላ ተሰዶ የሮምን ባላንጣዎች አማከረ፤ በመጨረሻም ለሮማውያን ተላልፎ ከሚሰጥ መርዝ ጠጥቶ ሞተ። አገሩ ብትዋዋልም የእሱ ጠላትነት አልበረደም። የቃሉ ልክ እዚህ ላይ ነው። በ1611 የታተመው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስም ሮሜ 1፥31 ላይ ቃሉን ከውል አፍራሾችና ከምሕረት የለሾች ጋር አሰልፎታል።

ጎረቤቶቹን ለይተው ይወቁ። «ሪለንትለስ» ሳያርፍ የሚቀጥል ነው፤ ሥራ ወዳድ ሰውም ሪለንትለስ ይባላል። «ኢንትራንዚጀንት» በድርድር አቋሙን የማያላላ ግትር ነው፤ ጥላቻ ላይኖርበት ይችላል። «ኢንቬተሬት» ሥር የሰደደ፣ የቆየ ነው። በዘመን ብዛት የመጣ ጠላትነት ኢንቬተሬት ሆኖ ሳለ አንድ ቀን በእርቅ ሊያበቃ ይችላል።

ቃሉ የሚወዳጃቸውንም ስሞች ይያዙ፦ «ኤነሚ»፣ «ሄትረድ»፣ «ሆስቲሊቲ»፣ «ኦፖዚሽን»። «ቬሪ» አይጨመርበት፤ ከዚያ በላይ የሚሄድበት የለውም። ሰው ላልሆነ ነገርም ይሠራል፤ ባሕርን፣ በሽታን፣ ጊዜን ማባበል አይቻልምና።

ወደ አማርኛ ሲመልሱት አንድ ቃል ፍለጋ አይድከሙ። አንድ የሠራተኞች ማኅበር ዕቅዱን «ኢምፕላከብሊ ኦፖዝድ» ነው የሚል ዜና ቀረበልዎ እንበል። «በጥብቅ ተቃወመ» ካሉ ነገሩን ግማሽ መንገድ ላይ ጣሉት፤ በጥብቅ የተቃወመ ማኅበር ነገ ደመወዝ ሲጨመርለት ሊፈርም ይችላልና። «ምንም ቢደረግለት ከተቃውሞው የማይመለስ» ረዘም ይላል፣ ግን ልክ ነው። ለሰው ሲሆን «እርቅ የማይቀበል»፣ ለጠላትነት ሲሆን «ሽማግሌ የማያበርደው»፣ ለባሕርና ለበሽታ ሲሆን «ልመና የማይሰማ» ይበሉ። «ቂመኛ» አይበቃም፤ ቂመኛም ይታረቃል።

ዜና ለምትተረጉሙ ባልደረቦቼ አንድ አደራ አለኝ። አንድን ወገን ኢምፕላከብል ማለት እርቅ ቀርቦለት እንቢ ብሏል ብሎ መመስከር ነው፤ አንባቢም «ከእነዚህ ጋር መነጋገር ከንቱ ነው» ብሎ ይይዘዋል። ስለዚህ ከራሳችሁ ስትጽፉ ማን፣ መቼ ሊያስታርቅ እንደሞከረና ምን መልስ እንደተሰጠው ሳታረጋግጡ ይህን ቅጽል በማንም ላይ አትጻፉ።