መስታወቱ ረገፈ፣ አልሙኒየሙ ተጣመመ፤ ለምን?

የዚህ ወር ትምህርታችን ስለ ጠጣር ነገሮች ነው። ኬሚስትሪ ነው ብላችሁ ገጹን አትለፉት፣ በየቀኑ የምንወለውለውና የምናጥበው ዕቃ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ኦገስት 4 ቀን 2020 የቤሩት ወደብ ሲፈነዳ በጀሜዜና በቡርጅ ሃሙድ የመስኮት መስታወት እንደ በረዶ ረገፈ። የአልሙኒየም ክፈፉ ግን በብዙ ቤት ተጣሞ ቀረ እንጂ አልደቀቀም። የገፋቸው አየር አንድ ነው፤ ልዩነቱ አቶሞቻቸው የተያያዙበት መንገድ ነው።

በብረታ ብረት ውስጥ ኤሌክትሮኖች የአንድ አቶም ብቻ አይደሉም፣ እንደ ዕቁብ ገንዘብ የጋራ ናቸው። አንዱ ረድፍ በሌላው ላይ ቢንሸራተትም እነሱ መልሰው ያያይዙታል። ስለዚህ ይታጠፋል። ወርቅም እንደዚሁ ነው። ንጹሑ በጣም ለስላሳ ስለሆነ መዳብና ብር ይቀላቅሉበታል፤ ባለ 18 ሲሏችሁ ከ24 እጅ 18ቱ ብቻ ወርቅ መሆኑን አትርሱ።

መስታወት የሚሠራው ከአሸዋ ነው። ሲሊከንና ኦክስጅን ጎረቤት ከጎረቤት አጥብቀው ተያይዘዋል፤ ጠንካራ ነው፣ መንሸራተት ግን አያውቅም። አንዴ ከተሰነጠቀ ስንጥቁ እስከ ዳር ይሮጣል። ያን ቀን መጀመሪያ ጭስ ታየ፣ አነስ ያለ ፍንዳታም ተሰማ። ብዙ ሰው የተጎዳው ምንድነው ብሎ መስኮት ላይ ቆሞ ሳለ ትልቁ ስለደረሰበት ነው። በ2024 ዳሂዬ ሲደበደብም መስታወት ረግፏል። እና ጭስ ስታዩ፣ ማዳም «እስኪ እዪ» ብትልም፣ በረንዳ አትውጡ። መስኮት ወደሌለው ኮሪደር ግቡ።

የፈነዳው አሞኒየም ናይትሬት ነው፤ ከ2014 ጀምሮ 2,750 ቶን ገደማ በወደቡ መጋዘን ተቀምጦ ነበር። እንደ ገበታ ጨው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አዮኖች ተፈራርቀው የተደረደሩበት ጠጣር ነው። የጨው ፍሬ ስትመቱት የማይታጠፈው ረድፉ ሲዛነፍ ፖዘቲቩ ከፖዘቲቭ ጋር ተገናኝቶ ስለሚገፋፋ ነው፤ ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል። ጨው እስከ 801 ዲግሪ ሙቀት ሳይቀልጥ ይችላል። ናይትሬቱ ግን ኦክስጅን በውስጡ ስለተሸከመ እሳት ሲበዛበት በአንድ ጊዜ ጋዝ ይሆናል።

የመጨረሻው ዓይነት ቁም ሳጥን ውስጥ አለ፦ የብል መድኃኒት፣ ናፍታሌን። ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ የተያያዙት በላላ መሳሳብ ስለሆነ ሳይቀልጥ ይተናል። ኳሷ እያነሰች የምትሄደው ለዚህ ነው፤ የጎደለው አየሩ ውስጥ ነው ያለው፣ እኛም እንተነፍሰዋለን። ልብስ በሚቀመጥበት ክፍል የምትተኙ እህቶች፣ ኳሷን በላስቲክ ቋጥራችሁ አውጧት፣ መስኮቱንም ክፈቱ።