ስንት ሆነው ይኖራሉ? የቤተሰብ ብዛትና የአረጋውያን ደስታ

እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የዓለም የደስታ ሪፖርት ስለ ቤተሰብ ብዛት አንድ ምዕራፍ አለው። በሜክሲኮና በአውሮፓ መረጃ መሠረት ከፍ ያለ ደስታ የታየው አራት ወይም አምስት ሆነው በሚኖሩ ሰዎች ዘንድ ነው። ብቻቸውን የሚኖሩት ዝቅ ይላሉ። ወደ እኛ ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የኢትዮጵያን አማካይ የቤተሰብ ብዛት 4.6 ያደርገዋል፤ ገጠር 4.9፣ ከተማ 3.5። እንግዲህ በዚህ ሂሳብ ከገጠር መጥተው ከልጅ ጋር የሚኖሩ አረጋዊ፣ ከተማ ውስጥ በትንሽ ቤተሰብ ከሚኖሩ እኩያቸው የበለጠ ደስ ሊላቸው ነው። እስቲ እንየው።

ለዚህ ጽሑፍ ሁለት ሰዎች አነጋግሬአለሁ። አንደኛዋ ጉለሌ ተወልደው እዚያው ያረጁ እናት ናቸው። ከልጅ ልጃቸው ጋር ሁለት ብቻ ሆነው ነው የሚኖሩት። ግን አንድ ሰዓት ስንቀመጥ የእድር ክፍያ የሚሰበስቡ ሰውዬ መጡ፣ ጎረቤት ለቡና ጠራቻቸው፣ አንድ ልጅ ወንፊት ሊዋስ ገባ። ወሬያችን በሰው ብዛት ተቋረጠ ብል ይሻላል።

ሁለተኛው ከወሎ የመጡ አባት ናቸው። («መጤ» የሚለውን ቃል አልወደውም።) ልጃቸው ናት ያመጣቻቸው፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ቤቱ ውስጥ ስድስት ናቸው። ጠዋት ግን አምስቱ ለሥራና ለትምህርት ይወጣሉ። ሊፍት የለም፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ስለዚህ ደረጃውን የሚወርዱት ለቤተክርስቲያን ብቻ ነው። «ልጄ ምን ጎደለብኝ? ግን በመንገድ ሳልፍ በስሜ የሚጠራኝ የለም» አሉኝ። ስለ እድር ስጠይቃቸው «የኔ እድር እኮ ወሎ ነው» አሉ።

ችግሩ ያለው ቆጠራው «ቤተሰብ» የሚለው ላይ ይመስለኛል። የሚቆጠሩት በአንድ ቤት የሚኖሩና ማዕዳቸው አንድ የሆነ ሰዎች ናቸው። ለጉለሌዋ እናት ግን ሰፈሩ ራሱ ሳይቆጠር የቀረ ቤተሰብ ነው። ለጀሞው አባት ከተቆጠሩት ውጭ ሌላ የለም፤ እነሱም ማታ ደክሟቸው ነው የሚገቡት። በሁለት ሰው ጠቅላላ ድምዳሜ እንደማይሰጥ ተምረናል፣ እኔም አልሰጥም። ግን ስድስትን ከሁለት ጋር አወዳድሮ ዜና የሚሠራ ባልደረባ ካለ ልከራከረው እችላለሁ።

ደግሞ ተወላጅነትም ዋስትና አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ዕድሜያቸውን እዚያ የጨረሱ አረጋውያን ወደ ከተማው ዳር ሄደዋል። አራት ሆነው ይኖሩ የነበሩ ዛሬም አራት ሊሆኑ ይችላሉ። መጠይቁ ላይ ምንም የተለወጠ ነገር አይታይም።

ያው ሪፖርት ሌላ ምዕራፍ ላይ የተሻለ ጥያቄ አለው፦ ባለፉት ሰባት ቀናት ስንት ምሳና ስንት እራት ከሚያውቁት ሰው ጋር በሉ? ሁለቱንም ጠየቅኋቸው። የጉለሌዋ እናት «እሱንም ይቆጥሩታል?» ብለው ሳቁ። የጀሞው አባት በጣታቸው ቆጠሩ። እራቱ ሰባት ሆነ፤ ምሳው ሁለት፣ ቅዳሜና እሑድ።