«ዓመሏን አትረሳ»፦ የቤት ድመትን ጠባይ ስለ መረዳት

አገር ቤት ዝናቡ በሚበረታበት በሐምሌ ወር፣ በተራራ በተከበበችው በአል አመራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ባለፈው ሐምሌ በጋራ በተከራየነው ቤት ስብሰባ ተቀመጥን። አጀንዳው አንድ ነበር፦ ወንዱ ድመታችን ጋቢና ፍራሽ ላይ እየሸና አስቸግሮናልና ምን ይደረግ? አብዛኞቻችን «ሸለቆው ውስጥ ወስደን እንልቀቀው» አልን። ውሳኔው ሊጸድቅ ሲል አንዲት ጓደኛችን «አስቀድመን ምክንያቱን እንወቅ» በማለቷ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድነው። ለካስ ፊኛው ታሞ ኖሯል። በዚያ ሐሩር ልናባርር የተነሣነው ጥፋተኛን ሳይሆን በሽተኛን ነበር። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ስሕተት የተማርነውን ለአንባቢያን ለማካፈል የቀረበ ነው።

አብዛኞቻችን ያደግነው ድመት ለአይጥ ተብላ በምትያዝበት ቤት ነው። እዚያ በጓሮ አፈር ትጸዳዳለች፣ በአጥር እንጨት ጥፍሯን ትስላለች፣ ሌሊት ታድናለች። በኪራይ ቤት ስንቆልፍባት እነዚህ ፍላጎቶች አይጠፉም፤ ቦታ ብቻ ያጣሉ። በቆጵሮስ ደሴት ከሰው ጎን የተቀበረ የ9,500 ዓመት ገደማ የድመት አጽም መገኘቱ በ2004 እ.ኤ.አ. ተገልጿል። ያን ያህል ዘመን አብራን ብትኖርም አዳኝነቷን አልተወችም። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» የሚባለው ሰውን ለመውቀስ ነው፤ ስለ ድመቷ ግን እውነቱን ይናገራል። ስለሆነም ተግባራችን ዓመሉን ማጥፋት ሳይሆን ቦታ መስጠት ነው።

1ኛ/ ከቦታው ውጭ መሽናት። ከሁሉ አስቀድሞ በሽታን እንጠርጥር። ወንድ ድመት እያማጠ ሽንት እምቢ ካለው ቱቦው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊገድለው ስለሚችል ለነገ አይባልም። ጤነኛ ከሆነ የአሸዋውን ሣጥን እንመርምር። በየቀኑ መጠረግና ከምግቡ መራቅ አለበት። ለአንድ ድመት ሁለት፣ ለሁለት ድመት ሦስት ሣጥን ይመከራል። ነፍሰ ጡር ሴት ግን አሸዋውን ባትነካ ይሻላል፤ ለፅንሱ የሚያሰጋ ተሐዋስ ሊኖርበት ይችላል። ቆሞ ግድግዳ ላይ የሚረጭ ወንድ ድመት ደግሞ ግዛቱን ምልክት እያደረገ ነው፤ ከተኮላሹት ከ10 ዘጠኙ ያህል ይህን ይተዋሉ።

2ኛ/ የቤት ዕቃ መቧጨር። ድመት የምትቧጭረው ጥፍሯን ለማደስ፣ ሰውነቷን ለማፍታታትና የመዳፏን ጠረን ለመተው ነው። ሲባጎ የተጠመጠመበት፣ ተንጠራርታ የምትቆምበት፣ የማይወዛወዝ ግንድ ከሶፋው አጠገብ እናቁምላት። ጥፍሯን ማስነቀል የጣቷን የመጨረሻ አጥንት መቁረጥ ስለሆነ ፈጽሞ አይገባም።

3ኛ/ መንከስና ሌሊት መጮኽ። ድመት ይበልጥ የምትነቃው ሲነጋና ሲመሽ ነው። እኛ ትምህርት ላይ ስንውል ተኝታ ትውላለች፤ ስንተኛ ጨዋታ ታምራታለች። ከመኝታ በፊት ክር ላይ በታሰረ ላባ ጥቂት አጫውተን እናብላት። በእጃችን ማጫወት ግን እጃችንን አይጥ ማድረግ ነው። ነክሳ ካቆሰለች ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ ሳይዘገዩ ሐኪም ቤት መሄድ ያሻል፤ የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል።

በመጨረሻ ስለ ቅጣት እናንሣ። ድመት ዘግይቶ የመጣ ዱላን ከጥፋቷ ጋር አታያይዘውም። የምትማረው እኛን መፍራትን ብቻ ነው፤ ፍርሃት ደግሞ ከቦታው ውጭ መሽናትን ያባብሳል።

ነገሩ የእኛን ቤት ብቻ የሚመለከት አይደለም። እዚህ በሰው ቤት ተቀጥረው ከሚሠሩት እኅቶቻችን አንዳንዶቹ የአሠሪያቸውን ድመት የሚጠብቁ ናቸው፤ ድመቷ ባጠፋች ቁጥር ወቀሳው በእነርሱ ላይ ይወድቃል። ይህን ጥቂት ዕውቀት ብናካፍላቸው ከአንድ ያላግባብ ቁጣ እናድናቸው ይሆናል። የእኛ ድመት ታክሞ፣ ሁለት ሣጥን ተዘጋጅቶለት አብሮን ይኖራል፤ ጋቢውም ደርቋል።