ፋሲካን በእርሳስና በወረቀት ማውጣት

መስቀል መስከረም 17፣ ጥምቀት ጥር 11 ነው። ፋሲካ ግን በ2018 ዓ.ም. ሚያዝያ 4፣ በ2019 ደግሞ ሚያዝያ 24 ነው። የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ገደማ፣ የፀሐይ 365 ነውና በየዓመቱ 11 ቀን ይተርፋል፤ በዚያ ላይ ትንሣኤ ከእሑድ መውጣት የለበትም። ሁለቱን የሚያስማማው ባሕረ ሐሳብ ነው። ቤተ ክርስቲያን ቀመሩን የእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳስ የድሜጥሮስ ነው ትላለች። የሊቃውንት ብቻ ይመስላል እንጂ መደመርና ማካፈል ለሚችል ሁሉ ክፍት ነው።

2019 ይወሰድ። መጀመሪያ 5500 ይደመራል፤ ዓመተ ዓለሙ 7519 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 3 ይተርፋል፤ ዘመኑ ሉቃስ ነው። 7519 እና 1879 ተደምረው ለ7 ሲካፈሉ 4 ይተርፋል። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ እየተባለ ሲቆጠር 4 ዓርብ ነው፤ መስከረም ዓርብ ይብታል።

ቀጥሎ ጨረቃ። ከፀሐይ ጋር ዳግም የምትገጥመው በ19 ዓመት ስለሆነ 7519 ለ19 ይካፈላል። የተረፈው 14 ነው፤ 1 ሲነሣለት ወንበሩ 13 ይሆናል። 13 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ (30 እየተነሣ ትርፉ ሲያዝ) አበቅቴ 23፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 7 ይወጣል። ሁለቱ ተደምረው 30 ካልሞሉ ስሌቱ ተሳስቷል።

ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። 7 ያንሳልና ጥቅምት 7፣ ቅዳሜ ነው። ዕለታት የየራሳቸው ተውሳክ (ተጨማሪ ቁጥር) አላቸው፦ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። 7 እና 8 ሲደመሩ መባጃ ሐመር 15 ይሆናል። መጥቅዕ በጥቅምት ሲውል ጾመ ነነዌ በየካቲት ትገባለች፤ ስለዚህ የካቲት 15። በመስከረም ሲውል ግን በጥር ትገባለች፤ ድምሩ ከ30 ካለፈ 30 ተነሥቶ የቀረው የየካቲት ቀን ነው። የ2018 መጥቅዕ 18 ስለነበር መስከረም 18 እሑድ ዋለ፤ 7 ተጨምሮ ነነዌ ጥር 25 ሆነች።

የተውሳኩ ጥበብ ነነዌን ሁልጊዜ ሰኞ ላይ ማሳረፉ ነው። ሌላ ቀን ከመጣች ከላይ ጀምሮ መፈተሽ ይሻላል።

ከዚያ ወዲያ መቁጠር ብቻ ነው። ለትንሣኤ 69 ይጨመራል፦ 15 እና 69 ሲደመሩ 84፤ ለየካቲትና ለመጋቢት ሠላሳ ሠላሳ ሲነሣ ሚያዝያ 24። ለዐቢይ ጾም 14 (የካቲት 29)፣ ለሆሣዕና 62 (ሚያዝያ 17)፣ ለዕርገት 108 (ሰኔ 3) ነው። በየትኛውም ዓመት ትንሣኤ ከመጋቢት 26 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30ም አያልፍም።