አንዱ በሌላው ጀርባ ላይ ለምን ይተኛል? ባለ ጺም ዘንዶዎችና የመኖሪያ ሳጥናቸው

በማኅበራዊ መገናኛ ገጾች ላይ ደጋግመው ከሚዘዋወሩ የቤት እንስሳት ፎቶግራፎች አንዱ፣ ሁለት እንሽላሊቶች በአንድ ድንጋይ ላይ ተደራርበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የመብራት ሙቀት ሲቀበሉ የሚያሳየው ነው። ከሥሩ የሚጻፈው አስተያየት አብዛኛውን ጊዜ ስለ ፍቅርና ስለ ወንድማማችነት ነው። እንስሳቱ በእንግሊዝኛ ቢርድድ ድራጎን ይባላሉ፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ ባለ ጺም ዘንዶ እንበላቸው። ስማቸው ያስፈራል እንጂ፣ ጭራቸውን ጨምሮ ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ፣ ነፍሳትንና ቅጠላ ቅጠልን የሚመገቡ፣ በሰው እጅ ላይ ረጋ ብለው የሚቀመጡ እንሽላሊቶች ናቸው።

በአሜሪካና በአውሮፓ የሚያድጉ ልጆች ይህን እንስሳ ይግዙልን ብለው ወላጆቻቸውን መለመናቸው እንግዳ ነገር አይደለም። በአገራችን ልማድ እንሽላሊት ከቤት የሚባረር እንጂ ተገዝቶ የሚገባ አይደለምና፣ እናትና አባት ለመስማማት ጊዜ ይወስድባቸዋል። ከተስማሙ በኋላ ግን የሚያነሡት የመጀመሪያ ጥያቄ ከርኅራኄ የሚመነጭ ነው፤ «ብቻውን አይከፋውም ወይ? ለምን ጓደኛ አንገዛለትም?» በአንድ ቡና ላይ እንኳ ጎረቤት መጥራት ለለመደ ሕዝብ ጥያቄው ተፈጥሯዊ ነው። ለዚህ እንስሳ የሚሰጠው መልስ ግን «አይሆንም» የሚል ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ፎቶግራፍ ላይ የሚታየው ፍቅር ሳይሆን ሽሚያ ነው።

የባለ ጺም ዘንዶ አገሩ የአውስትራሊያ ምሥራቃዊና ማዕከላዊ የውስጥ ምድር፣ ማለትም በረሃማና ከፊል በረሃማ ስፍራ ነው። በቤት ውስጥ በስፋት የሚረባውን ዝርያ ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤርንስት አህል ሲሆን፣ ዘመኑም 1926 እ.ኤ.አ. ነበር። እንስሳው በአጥር ምሰሶ፣ በጉቶና በድንጋይ ጫፍ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ከፍ ያለው ቦታ ለወንዱ ሙቀት ማግኛ ብቻ ሳይሆን የግዛቱ ማማም ነው። ሌላ ወንድ ሲመጣ ራሱን ወደ ላይና ወደ ታች ይነቀንቃል፤ የአገጩን ቆዳ ነፍቶ ያጠቁራል። የተሸነፈው አንድ የፊት እግሩን አንሥቶ በዝግታ ያወዛውዛል። ልጆች «ሰላም እያለኝ ነው» የሚሉት ይህ እንቅስቃሴ በእንስሳቱ ቋንቋ «እጄን ሰጥቻለሁ» ማለት ነው። በሜዳ ላይ ክርክሩ በዚሁ ያበቃል፤ ተሸናፊው ሮጦ ሌላ ጉቶ ይፈልጋል። በሳጥን ውስጥ ግን የሚሮጥበት የለውም።

እኔ በሙያዬ መሐንዲስ እንጂ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። ይህን ሳጥን የምመለከተውም እንደ አንድ የሙቀት መሣሪያ ነው። ተሳቢ እንስሳት የሰውነታቸውን ሙቀት ከውስጥ እንደኛ አያመነጩም፤ ከአካባቢያቸው ይወስዳሉ። ባለ ጺም ዘንዶ የበላውን ለመፍጨት፣ በሽታን ለመከላከልና ለማደግ ከመብራቱ ሥር 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ (104 ፋራናይት) ገደማ የሚሞቅ ድንጋይ ወይም እንጨት ያስፈልገዋል። ሲበቃው ደግሞ ወደ 25 ዲግሪ (77 ፋራናይት) ገደማ ወደሆነው ቀዝቃዛ ጫፍ መሸሽ አለበት። አንድ መብራት አንድ ምርጥ ቦታ ብቻ ይፈጥራል። ሳጥኑን ብናሰፋው የምርጡ ቦታ ብዛት አይጨምርም። ስለዚህ ሁለት እንስሳት ባሉበት ሳጥን ውስጥ አንደኛው ያንን ቦታ ይይዛል፤ ሁለተኛው ወይ ይርቃል፣ ወይም ከሥር ይሆናል። ከላይ የተደረበው ሙቀቱንም ጨረሩንም ሲወስድ፣ ከሥር ያለው በጥላ ውስጥ ይቀራል።

ይህን እኔም በመጀመሪያ ያየሁት በስሕተት ትርጉም ነበር። ውጭ አገር በምማርበት ዘመን አብሮኝ የሚኖር ተማሪ ከአንድ መደብር «ወንድማማቾች ናቸው» ተብሎ የገዛቸው ሁለት ጫጩቶች ነበሩት። ተደራርበው ሲተኙ ፎቶ እያነሣን ለቤተሰብ እንልክ ነበር። ነገሩ የገባን በወጥ ቤት ሚዛን መመዘን ስንጀምር ነው። የአንዱ ክብደት በየሳምንቱ ሲጨምር የሌላው ከነበረበት ፈቀቅ አላለም። ሁለቱም በአንድ ሰሃን ይበሉ ነበርና መጀመሪያ ሚዛኑን ጠረጠርን። ቆይቶ የትንሹ የእግር ጣት ጫፍ ጠፍቶ ተገኘ።

ጉዳቱ አዝጋሚ መሆኑ ነው አደገኛ የሚያደርገው። ብዙ ባለቤቶች «ተጣልተው አያውቁም» የሚሉት ደም ስላላዩ ነው። የተሸነፈው እንስሳ ግን ቀስ በቀስ ይከሳል፤ መደበቂያው ውስጥ ይውላል፤ ሆዱ ላይ የጠቆረ የጭንቀት መስመር ይታይበታል። በቂ ሙቀት ስለማያገኝ የበላው አይፈጭለትም። ጫጩቶች ደግሞ ሲርባቸው የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ምግብ ስለሚመስላቸው የአጠገባቸውን ጣትና የጭራ ጫፍ ይነክሳሉ። አንዳንድ የእንሽላሊት ዓይነቶች ጭራቸው ቢቆረጥ መልሰው ያበቅላሉ፤ ባለ ጺም ዘንዶ ግን አያበቅልም።

ሁለት ወንዶች ካደጉ በኋላ እስከ ከባድ ጉዳት ድረስ ይጣላሉ። ወንድና ሴት ከሆኑ ወንዱ ያለ ዕረፍት ያሳድዳታል። ሴቷ በአንድ ጊዜ 20 ያህል እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ የወንዱን ዘር በሰውነቷ ስለምታቆይም ያለ አዲስ ግንኙነት ዳግመኛ ልትጥል ትችላለች። ለእንቁላሉ ቅርፊት የሚሆነው ካልሲየም ከራሷ አካል ነው የሚወጣው። ሁለት ሴቶች ይሻላሉ የሚለው አባባል በከፊል እውነት ቢመስልም፣ በመካከላቸው የበላይና የበታች አለ፤ ደግሞም የጫጩቶችን ጾታ በዓይን ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ስለሆነ «ሁለት እኅትማማቾች» ከወራት በኋላ እኅትና ወንድም ሆነው ሊገኙ ይችላሉ።

ይህን ስል እንስሳው ደነዝ ነው ማለቴ አይደለም። በእንግሊዝ አገር የሊንከን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ አና ዊልኪንሰንና ባልደረቦቿ በ2014 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ ባለ ጺም ዘንዶዎች የሠለጠነ አንድ ዘመዳቸው ተንሸራታች በር ሲከፍት በቪዲዮ አይተው ያንኑ ዘዴ መኮረጅ ችለዋል። ከሌላው መማር መቻልና ከሌላው ጋር መኖር መፈለግ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

እንግዲህ ሳጥኑ ለአንድ እንስሳ ብቻ ነው ካልን፣ ምን ዓይነት ይሁን? ለአዋቂ እንስሳ ዝቅተኛው መጠን 120 በ60 በ60 ሴንቲ ሜትር፣ በአሜሪካ አለካክ 4 በ2 በ2 ጫማ ነው። መደብሮች ብዙ ጊዜ የሚያቀርቡት 40 ጋሎን የሚባለው የመስታወት ሳጥን ርዝመቱ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ካደገ በኋላ እንስሳው ከሳጥኑ ግማሽ በላይ ይሆናል። ርዝመት የሚያስፈልገው ለመራመጃ ብቻ አይደለም። በ40ና በ25 ዲግሪ መካከል ያለው የ15 ዲግሪ ልዩነት የሚፈጠረው በርቀት ነው፤ አጭር ሳጥን ውስጥ ወይ ሁሉም ይሞቃል፣ ወይ ሁሉም ይቀዘቅዛል። 120 ሴንቲ ሜትሩን በመሐል ከፍሎ ሁለት እንስሳት ማኖርም የሚከሽፈው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለ መሥሪያ ዕቃው፦ መስታወት ሙቀትን የሚያስተላልፈው ከእንጨት ከ5 እጥፍ በላይ በሆነ ፍጥነት ነው። የመስታወት ሳጥኖች ጣሪያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሽቦ ወንፊት ስለሆነ፣ የሞቀው አየር ወደ ላይ ይወጣል። በስቶክሆልም ወይም በሚኒያፖሊስ ክረምት ይህ የመብራት ወጪ ነው። በሦስት ጎኑና በጣሪያው ከኮምፔንሳቶ፣ ከቺፑድ ወይም ከፒ.ቪ.ሲ. የተሠራ፣ ከፊት ብቻ ተንሸራታች መስታወት ያለው፣ የአየር መተላለፊያ ቀዳዳዎች የተበጁለት ሳጥን እመርጣለሁ። ሌላም ጥቅም አለው፤ በመስታወት ጎን ላይ የራሱን ምስል እንደ ባላጋራ እያየ ጺሙን የሚያጠቁር እንስሳ ብዙ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት ሌላው ነገር ብርሃኑ ነው። እንስሳው ቫይታሚን ዲ3 በቆዳው የሚሠራው አልትራቫዮሌት ቢ በተባለው ጨረር አማካይነት ነው፤ ያለ እርሱ ካልሲየም ወደ አጥንቱ አይገባም፤ አጥንቱ ይለሰልሳል፣ መንጋጋው ያብጣል፣ እግሩ ይጣመማል። ይህ ጨረር በተራ መስታወት አያልፍም፤ ስለዚህ መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ ምትክ አይሆንም። የሽቦ ወንፊትም ከፊሉን ያስቀራል። የሚመከረው ቲ5 የተባለው ረጅም የፍሎረሰንት አምፖል ሲሆን፣ ከሙቀት መብራቱ ጎን፣ በአምራቹ ሰንጠረዥ በተጻፈው ርቀት ይሰቀላል። አምፖሉ ለዓይናችን ደምቆ እየበራም ጨረሩ እየደከመ ስለሚሄድ፣ በዓመት አንድ ጊዜ መለወጥ ይገባል። የድንጋዩን ሙቀት በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ይለኩ፤ በግድግዳ ላይ የሚለጠፉት ርካሽ መለኪያዎች የሚነግሩን የግድግዳውን ሙቀት ነው። መብራቱ እንስሳውን እንዳያቃጥል በሽቦ መከለል፣ ሶኬቱም የሴራሚክ መሆን አለበት።

ትንንሽ ልጆች ላሉበት ቤት አንድ ጉዳይ ልጨምር። ተሳቢ እንስሳት ጤነኛ ሆነውም ሳልሞኔላ ባክቴሪያን ይሸከማሉ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ከአምስት ዓመት በታች ሕፃን፣ አረጋዊ ወይም የበሽታ መከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ባለበት ቤት ተሳቢ እንስሳ እንዲገባ አይመክርም። ሌሎቻችንም ከነካነው በኋላ እጃችንን በሳሙና እንታጠብ፤ ዕቃውን በወጥ ቤት ማጠቢያ አንጠብ።

አሁን ሁለት እንስሳት በአንድ ሳጥን ያኖራችሁ ካላችሁ፣ ነገ ዛሬ ሳትሉ ለዩአቸው። ዕጣ መጣል አያስፈልግም፤ ከቦታው የሚወጣው አውራው ሲሆን ደካማው በለመደው ስፍራ ቢቀር ይመረጣል። ሁለቱ ሳጥኖች አይተያዩ። የሁለቱም ዓይነ ምድር በእንስሳት ሐኪም ይመርመር፤ ኮክሲዲያ የተባሉት የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስያን አብረው በኖሩ እንስሳት መካከል በቀላሉ ይተላለፋሉ። በየሳምንቱ በአንድ ቀንና ሰዓት መዝናችሁ ጻፉት፤ ሚዛኑ ግን ለወጥ ቤት የሚያገለግለው አይሁን።

እኛ ሁለተኛውን ሳጥን የሠራነው ሰው ከጣለው የቺፑድ ቁም ሣጥን ነበር። ክፍሉ ጠበበ፤ አንዱ የጽሕፈት ጠረጴዛ ወደ ኮሪደር ወጣ። ትንሹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከመደበቂያው ብዙም አልወጣም። በሁለተኛው ሳምንት ጠዋት ከመብራቱ ሥር፣ ከድንጋዩ ጫፍ ላይ፣ ብቻውን ተዘርግቶ አገኘነው። ጣቱ አልበቀለም። ክብደቱ ግን መጨመር ጀመረ።